አፅም ሲፋረድ

(ምስል፦ ጨለማ። የባቡር ጣቢያ ወለል። የመጥረጊያ ድምፅ ከሩቅ።)

ተራኪ፦ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1945። ኮቤ ከተማ፣ ሳኖሚያ ባቡር ጣቢያ። ጃፓን እጅ ከሰጠች አንድ ወር አልፏታል። የ14 ዓመት ልጅ ምሰሶ ተደግፎ ተቀምጧል። አላፊ አግዳሚው እየተጸየፈው ያልፋል። ሌሊቱን አይነጋለትም።

የጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ሬሳውን ሲዳብስ አንዲት የዛገች የከረሜላ ቆርቆሮ ያገኛል። ነቅነቅ ያደርጋታል፤ ውስጧ የሆነ ነገር ይንኳኳል። ምን እንደሆነ አያውቅም። አሽቀንጥሮ ወደ ውጭ፣ ወደ ጨለማው ሣር ይወረውራታል።

(ሦስት ሰከንድ ዝም።)

ክዳኗ ይከፈታል። የሚፈሰው ከረሜላ አይደለም፤ የሕፃን አፅም ነው። ነጫጭ ስብርባሪ፣ ከጥራጥሬ ብዙም የማይተልቅ። የልጁ እህት የሴትሱኮ አፅም። 4 ዓመቷ ነበር። ከሣሩ ውስጥ አብሪ ጥንዚዛዎች ብር ብለው ይነሣሉ፤ በብርሃናቸው መሐል ሕፃኗ ብድግ ትላለች፣ ወንድሟን ፍለጋ።

(ሙዚቃ በቀስታ ይገባል።)

ይህ የአኒሜሽን ፊልም «የአብሪ ጥንዚዛዎች መቃብር» ይባላል። በ1988 የስቱዲዮ ጂብሊው ዳይሬክተር ኢሳዎ ታካሃታ ሠራው። ሁለቱ ልጆች እንደሚሞቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ ነግሮናል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረን አሟሟታቸውን ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ታካሃታ ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማረውም። ጁን 29 ቀን 1945 ኦካያማ ከተማ በቦምብ ድብደባ ስትነድ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። በሌሊት ልብሱ፣ በባዶ እግሩ፣ ከእህቱ ጋር በእሳት መሐል ሮጧል።

ታሪኩን የጻፈው ግን ሌላ ሰው ነው፤ አኪዩኪ ኖሳካ። አጭር ልብ ወለዱ በ1967 ወጣ፤ ትልቁን የናዎኪ ሽልማትም አስገኘለት። ኖሳካ ኮቤ ውስጥ በማደጎ ያደገ ልጅ ነበር። ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ቤቱን አጣ። የቀረችው ታናሽ እህቱ 2 ዓመት እንኳ ያልሞላት ሕፃን ነበረች። በረሃብ ሞተች።

እኛ «አፅሙ ይፋረደኛል» እንላለን። ሟች አደራውን የበላበትን ሰው እንደማይለቅ ስንናገር ነው። ኖሳካን የተፋረደችው ያቺ ሕፃን ናት። በልብ ወለዱ ውስጥ ያለው ወንድም ካፉ ነጥቆ ለእህቱ ያጎርሳል፤ ያዝላታል፤ ያጫውታታል። ኖሳካ በኋላ በገዛ ብዕሩ እንደተናዘዘው፣ እርሱ እንደዚያ አልነበረም። ራብ ሲጠናበት ድርሻዋን በልቷል። ደግ ወንድም የፈጠረላት ከሞተች ከ22 ዓመት በኋላ ነው። ይህን ካወቅን ወዲህ ሴትሱኮ ከረሜላዋ ባለቀበት ቆርቆሮ ወንድሟ የሞላላትን ውሃ ስትጠጣ ማየት ሌላ ነገር ነው። ያ ውሃ የይቅርታ ልመና ነው።

(ምስል፦ የሂሮሺማ የቆዩ ፎቶግራፎች። ከዚያ የማንጋ ገጾች፣ በዝግታ።)

ሌላ ወንድም ደግሞ አለ።

ኬጂ ናካዛዋ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ በወደቀበት በኦገስት 6 ቀን 1945 ጠዋት የ6 ዓመት ልጅ ነበር። ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴትዮ አስቁማ አንድ ነገር ስትጠይቀው ሰማዩ ነደደ። ልጁን የግቢው የኮንክሪት አጥር ከለለው። እሷን የከለላት አልነበረም። እቤት አባቱ፣ እህቱና ታናሽ ወንድሙ ፍርስራሽ ተጭኗቸው እሳት ደረሰባቸው። እርጉዝ እናቱ አጠገባቸው ሆና ጩኸታቸውን ሰማች፤ ጎረቤት ጎትቶ አወጣት። በዚያው ቀን ሜዳ ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗም ብዙ አልቆየችም።

ናካዛዋ አደገ፣ ቶኪዮ ገባ፣ ማንጋ የሚባለው የጃፓን የሥዕል ታሪክ ሠዓሊ ሆነ። ስለ ሂሮሺማ ግን ትንፍሽ አይልም ነበር። በ1966 እናቱ አረፈች። በጃፓን ልማድ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰብ ከአመዱ ዙሪያ ቆሞ አፅሙን በእንጨት መቆንጠጫ እየለቀመ ወደ ማሰሮ ይከታል። ናካዛዋ ሊለቅም ቀረበ። የሚለቀም አፅም አልነበረም። ከአመዱ ውስጥ ያገኘው ጥቃቅን ነጭ ፍርፋሪ ብቻ ነው። የቦምቡ ጨረር የእናቴን አጥንት ሳይቀር በላው ብሎ አመነ። ቁጣው ያን ቀን ገነፈለ።

ወደ ቶኪዮ ተመልሶ ስለ ቦምቡ መሣል ጀመረ። በ1973 «ባዶ እግሩ ጌን» የተባለው ሥራው በልጆች ሳምንታዊ መጽሔት መታተም ጀመረ፤ ተጠናቆ ሲጠረዝ 10 ቅጽ ወጣው። በ1983 በአኒሜሽን ፊልም ቀረበ።

(ምስል፦ የሚቃጠለው ቤት ገጽ። ካሜራው ይቁም።)

ይህን ገጽ ልብ ብለን እንየው። ልጁ ጌን ከቤቱ ፍርስራሽ ፊት ነው። ምሰሶውን ለማንሣት ይታገላል፤ አባቱ እናትህን ይዘህ ሂድ ይለዋል። ናካዛዋ ግን ያን ሰዓት እዚያ አልነበረም። የሆነውን የሰማው ከእናቱ አፍ ነው። ኖሳካ ያልነበረውን ደግነት ለወንድምየው ሰጠው፤ ናካዛዋ ባልተገኘበት ቦታ ልጁን አቆመው። ሁለቱም የሞቱን ሰዓት ደግመው ሣሉት፤ የጎደላቸውን ራሳቸው ሞሉት።

(ሙዚቃው ይቆማል።)

ፕሮግራማችን እዚህ ላይ ቢያበቃ እንባ አብሰን እንለያይ ነበር። አንድ ጥያቄ ግን አላስቀምጥ አለን፤ የሴትሱኮ አባት የት ነበር?

የባሕር ኃይል መኮንን ነው። ልጁ ይጽፍለታል፣ መልስ የለም። አብሪ ጥንዚዛዎቹን ሲያይ እንኳ ትዝ የሚለው በመብራት ያሸበረቀው የመርከቦች ሰልፍ ነው። ያ ባሕር ኃይል ደግሞ የራሱ አኒሜሽን ነበረው።

(ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ፊልም። ወታደራዊ ልብስ የለበሱ ድብ፣ ዝንጀሮና ውሻ።)

«ሞሞታሮ፣ ቅዱሳን መርከበኞች»። የጃፓን የመጀመሪያው ረጅም አኒሜሽን ፊልም፤ 74 ደቂቃ። ዳይሬክተሩ ሚትሱዮ ሴዎ፣ አሠሪው የባሕር ኃይል ሚኒስቴር። ለሕዝብ የታየው በኤፕሪል 1945 ነው፤ ኮቤ በጁን 5 ከመደብደቧ ሁለት ወር እንኳ በማይሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ። ኦሳካ ውስጥ ባዶ ሊሆን በተቃረበ ሲኒማ ቤት አንድ የ16 ዓመት ልጅ አየውና አለቀሰ፤ እኔም እንዲህ ያለ ፊልም እሠራለሁ አለ። የዘመናዊው ማንጋ አባት የሚባለው ኦሳሙ ቴዙካ ነው።

የሚያስለቅስ ውበት አለው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጃንጥላ ዘርግተው የሚወርዱት ወታደሮች በነፋስ እንደሚበተን የአበባ ዘር ናቸው። በደቡቡ ደሴት ያሉት እንስሳት የጃፓንን ፊደል እየዘመሩ ይማራሉ፤ ደስታቸው ልክ የለውም። በተያዙት አገሮች የሞተ፣ የተራበ፣ የተገረፈ ሰው በፊልሙ የለም። አፅም የለበትም።

ያን አፅም ከሣሉት ጥቂቶች አንዱ ሺገሩ ሚዙኪ ነው። ኒው ብሪተን ደሴት ላይ ግራ እጁን ትቶ የተመለሰ ወታደር፤ አለቆች ወታደሮቻቸውን በከንቱ እንዴት ወደ ሞት እንደሚነዱ በ1973 ሣለ። ሌላው ራሱ ናካዛዋ ነው። አባቱ ጦርነቱን በመቃወሙ የታሰረ ሰው ነበር። ስለዚህም በጌን ገጾች ላይ ፓክ የተባለ ኮሪያዊ ጎረቤት አለ፤ የሚናቅ፣ ግን ሁሉም ሲሸሻቸው ለጌን ቤተሰብ የሚደርስ። በኋለኞቹ ቅጾች የጃፓን ጦር በእስያ የፈጸመው ግፍ አለ። ንጉሠ ነገሥቱም ይወቀሳል።

በዲሴምበር 2012 የማትሱዌ ከተማ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ትምህርት ቤቶች መጽሐፉን ከመደርደሪያ አንሥተው ልጆች እንደልብ እንዳያገኙት አድርጉ አለ። ምክንያቱ እነዚያው የጦሩ ግፍ የተሣለባቸው ገጾች ናቸው። ናካዛዋ በዚያው ወር አረፈ። ተቃውሞ በረታና ትእዛዙ በኦገስት 2013 ተነሣ። በ2023 ግን የገዛ ከተማው ሂሮሺማ ከትምህርት ቤቶቿ የሰላም ትምህርት መጽሐፍ ጌንን አወጣችው።

(ምስል፦ የታካሃታ ፊልም የመጨረሻ ትዕይንት።)

ሌሊት ነው። ኮረብታ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር። ሴትሱኮ የወንድሟን ጭን ተንተርሳ እንቅልፍ ወስዷታል። አብሪ ጥንዚዛዎች በዙሪያቸው ይበርራሉ። ከታች ደግሞ ኮቤ፤ የነደደችው ሳትሆን የዛሬዋ፣ ፎቆቿ መብራት በመብራት የሆኑ። ልጁ ዐይኑን ከእህቱ ያነሣና ወደ እኛ ያያል።

(ትረካ የለም። ምስሉ እስኪጠፋ ይቆይ።)