ከዓሣው በፊት ውሃው፡- አነስተኛ የባህር አኳሪየም በመኖሪያ ቤት

የባህር ዓሣ በመኖሪያ ቤቱ ለማኖር የፈለገ ሰው ገንዳውንና ዓሣውን በአንድ ቀን ገዝቶ ከገባ፣ ዓሣው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሳምንታት እንኳ ሳይቆይ ይሞታል፡፡ ለሞቱ ምክንያት የሚሆነው ብዙውን ጊዜ በሽታ ወይም የምግብ እጥረት ሳይሆን፣ የገባበት ውሃ ሕይወት ለመሸከም ገና ያልተዘጋጀ መሆኑ ነው፡፡ የባህር አኳሪየም የሚያቋቁም ሰው ዋና ሥራው ውሃን መንከባከብ ሲሆን፣ ዓሣው የሚመጣው ዘግይቶ ነው፡፡

የዚህ ሥራ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል፡፡ እ.ኤ.አ በ1846 አና ቲን የተባሉ እንግሊዛዊት ቶርኪ ከተባለችው የባህር ዳርቻ ከተማ ሕይወት ያላቸውን ኮራሎች ሰብስበው ለንደን ወደሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ወሰዱ፡፡ በዚያን ዘመን የኤሌክትሪክ ፓምፕ ባለመኖሩ የቤት ሠራተኛቸው በየዕለቱ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ፣ ውሃው አየር እንዲያገኝ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ስትገለብጥ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ትቆይ ነበር፡፡ ኮራሎቹ ከባህር ርቀው በሕይወት ሊቆዩ የቻሉት በዚህ ድካም ነው፡፡ የወይዘሮዋ ስም በታሪክ ሲወሳ የሠራተኛዋ ድካም ግን እምብዛም አይነሳም፡፡ ዛሬ ያንን ሥራ ጥቂት ዋት ብቻ የሚወስድ አነስተኛ ፓምፕ ያከናውነዋል፡፡

ጀማሪዎች ገንዳው ባነሰ ቁጥር ሥራው እንደሚቀል ያስባሉ፡፡ እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው፡፡ በብዙ መቶ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ዓሣ ቢሞት ወይም ምግብ ቢበዛ ጉዳቱ በውሃው ብዛት ይቀልላል፤ በ20 ሊትር ውሃ ውስጥ ግን ያው ስህተት በአንድ ሌሊት ሁሉንም ሊፈጅ ይችላል፡፡ ስለሆነም 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ሳንቲ ሜትር ወርድና 35 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው፣ 60 ሊትር ያህል የሚይዝ ገንዳ ለጀማሪ ዝቅተኛው ልክ ተደርጎ ቢወሰድ ይመረጣል፡፡ ውሃው፣ ድንጋዩ፣ አሸዋውና መስታወቱ ሲደመሩ ክብደቱ ወደ 80 ኪሎ ግራም ስለሚጠጋ፣ ቀጭን እግር ባለው ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አይገባም፡፡ የቀጥታ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታም አልጌ ስለሚያበዛ አይመከርም፡፡

የባህር ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል፡፡ በቀይ ባህር መጠኑ ወደ 40 ግራም ይደርሳል፡፡ በዚህ ስሌት 60 ሊትር ለማዘጋጀት ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ጨው ያስፈልጋል፡፡ የወጥ ጨው ወይም አሞሌ ለዚህ ይበቃል ወይ የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም፤ አይበቃም፡፡ የባህር ውሃ ከሶዲየም ክሎራይድ በተጨማሪ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌትና ሌሎች ማዕድናትን በተወሰነ ምጣኔ ይዟል፡፡ በአፋር የሚገኘው የዳናኪል ረባዳ መሬት በጥንት ዘመን የቀይ ባህር ውሃ ይገባበት እንደነበር ይታወቃል፡፡ ያ ውሃ ሲተን ማዕድናቱ በአንድ ጊዜ አልጠጠሩም፡፡ በቅድሚያ ጂፕሰም፣ ቀጥሎ ለምግብ የሚውለው ጨው፣ በመጨረሻም የፖታሽና የማግኒዥየም ጨዎች ተለያይተው ቀሩ፡፡ በዳሎል አካባቢ የፖታሽ ክምችት የሚገኘውም በዚህ ሂደት ነው፡፡ በመሆኑም አሞሌው መነሻው ባህር ቢሆንም በውሃ ሲሟሟ ጨዋማ ውሃ እንጂ ተመልሶ ባህር አይሆንም፡፡ ለአኳሪየም የሚያስፈልገው ማዕድናቱ በምጣኔያቸው ተቀላቅለው በፋብሪካ የተዘጋጀ ጨው ነው፡፡

የቧንቧ ውሃም እንዳለ አያገለግልም፡፡ በውስጡ ያለው ክሎሪን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ይገድላል፡፡ ከቱቦ የሚመጣ ጥቂት መዳብ ደግሞ ሽሪምፕንና ቀንድ አውጣን ለመጨረስ በቂ ነው፡፡ የተሻለው በሪቨርስ ኦስሞሲስ መሣሪያ የተጣራ ውሃ ሲሆን፣ ጨውን የማሟሟቱ ሥራ ሳሙና ነክቶት በማያውቅ ባልዲ ውስጥ ይከናወናል፡፡ ድብልቁ በፓምፕ እየተማሰለ አንድ ቀን ያህል ከቆየ በኋላ በሃይድሮሜትር ወይም በሪፍራክቶሜትር ይለካል፡፡ በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት አንጻራዊ እፍጋቱ 1.025 አካባቢ ሲሆን ተስማሚ ነው፡፡

የሥራው እምብርት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ ዓሣ በሚተነፍስበት አካሉና በኩሱ አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፡፡ በተንጣለለው ባህር ውስጥ ይህ መርዝ ተበታትኖ ይጠፋል፤ በገንዳ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም፡፡ የባህር ውሃ ፒኤች ከ8 በላይ በመሆኑ ደግሞ አሞኒያው ይበልጥ መርዛማ የሆነውን ቅርጹን ይይዛል፡፡ መርዙን የሚያስወግዱት በድንጋዩ ቀዳዳዎችና በአሸዋው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፡፡ አንዳንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል፡፡

እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚራቡት በዝግታ ነው፡፡ ገንዳው በውሃ፣ በአሸዋና በስፖንጃማ ድንጋይ ከተሞላ በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ያለ ዓሣ መቆየት ይኖርበታል፡፡ በዚህ ጊዜ ለባክቴሪያዎቹ መነሻ ይሆን ዘንድ ቆንጥሮ የዓሣ ምግብ መጨመር ይበቃል፡፡ በመመርመሪያ ፈሳሽ ሲለካ በመጀመሪያ አሞኒያው ከፍ ብሎ ይወርዳል፤ ናይትራይቱም እንዲሁ፡፡ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲታይ ውሃው ተዘጋጅቷል ማለት ነው፡፡ ከዚያ በፊት ዓሣ ማስገባት ሠራተኛ ሳይቀጥር በሩን ከፍቶ ባለጉዳይ ለማስተናገድ እንደሚሞክር መሥሪያ ቤት መሆን ነው፡፡

በእነዚህ ሳምንታት አሸዋው በቡናማ ሽፋን መያዙ የተለመደ ነው፡፡ ብዙዎች ገንዳው የተበላሸ መስሏቸው ሁሉንም አውጥተው አጥበው እንደገና ይጀምራሉ፤ በዚህም ያፈሯቸውን ባክቴሪያዎች አብረው ያጠፋሉ፡፡ ሽፋኑ ዲያቶም የተባሉ ጥቃቅን አልጌዎች ሲሆን፣ በአብዛኛው በራሱ ጊዜ ይለቃል፡፡

በአዲስ አበባ ለሚቋቋም ገንዳ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ የመስኩ መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፉት ለባህር ወለል ከፍታ ነው፡፡ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየር ግፊቱ በባህር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ፣ ውሃው ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል፡፡ መፍትሔው የፓምፑ ፍሰት የውሃውን ገጽ ዘወትር እንዲያናውጥ ማድረግ፣ ገንዳውን አጥብቆ አለመክደንና የዓሦቹን ቁጥር መመሪያው ከሚለው ማሳነስ ነው፡፡ የሙቀቱ ጉዳይም አለ፡፡ የኮራል ዐለት ዓሦች ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ስለሚፈልጉ፣ የከተማዋን ሌሊት ያለ ማሞቂያ አያልፉትም፡፡ ለ60 ሊትር 100 ዋት ማሞቂያ ይበቃል፡፡ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ማብራት፣ መስታወቱን ዙሪያውን በጋቢ መሸፈንና መብራት እስኪመለስ ድረስ ምግብ አለመስጠት ዓሦቹን ያተርፋል፡፡

ለእንዲህ ዓይነቱ ገንዳ ሁለት ወይም ሦስት ትናንሽ ዓሦች በቂ ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ በ2003 በወጣው የኔሞ ፊልም የታወቀው፣ ብርቱካናማ ገላው ላይ ሦስት ነጭ ቀበቶዎች ያሉት ክላውን ፊሽ በሰው እጅ የሚራባ በመሆኑ ተመራጭ ነው፡፡ ጫጩቶቹ ሁሉ ወንድ ሆነው የሚያድጉ ሲሆን፣ ከጥንዶቹ አይሎ የሚወጣው በኋላ ወደ ሴትነት ይለወጣል፡፡ በዚያው ፊልም የታየው ሰማያዊ ታንግ ግን እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚያድግ በመሆኑ በ60 ሊትር ገንዳ ማኖር ማሰቃየት ነው፡፡ በኢንዶኔዥያ ጥቂት ደሴቶች ብቻ የሚገኘው የባንጋይ ካርዲናል ዓሣ ደግሞ ለዚሁ ንግድ በብዛት በመጠመዱ፣ እ.ኤ.አ በ2007 ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ገብቷል፡፡ የሚገዛ ከሆነ በሰው እጅ መራባቱን አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው፡፡ ድንጋያማ ኮራሎችም ኢትዮጵያ አባል በሆነችበት የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ሠንጠረዥ ሥር ናቸው፡፡ ከጂዳ ወይም ከጅቡቲ የሚመለስ መንገደኛ ሕይወት ያለው ኮራል ያለ ፈቃድ ይዞ ቢመጣ ሕግ ይጥሳል፡፡

ከባህር የተነሳ ድንጋይ ያገኘ ሰው ለማጽዳት ብሎ ፈጽሞ መቀቀል የለበትም፡፡ በላዩ ሊበቅሉ የሚችሉት ዞአንቲድ የተባሉ እንስሳት ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ በእንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ የተመረዘበት አጋጣሚ አለ፡፡ እጅን ወደ ገንዳው ከማስገባት በፊት ኤሌክትሪኩን መንቀልም እንዲሁ መዘንጋት የለበትም፡፡

ከዚያ ወዲያ ያለው የዕለት ሥራ ቀላል ነው፡፡ ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፡፡ ከ60 ሊትሩ 3 ሊትር ቢጎድል 35 ግራም የነበረው ጨው ወደ 37 ግራም ይጠጋል፡፡ ስለዚህ በመስታወቱ ላይ መስመር አስምሮ የጎደለውን በየዕለቱ ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ መተካት፣ በየሳምንቱ ደግሞ ከ6 እስከ 9 ሊትር ያህሉን በአዲስ የባህር ውሃ መለወጥ ያስፈልጋል፡፡ ለመስክ ሥራ ለቀናት የሚወጣ ሠራተኛ የእያንዳንዱን ቀን ምግብ በትናንሽ ወረቀት ጠቅልሎ፣ የሚጨመረውንም ውሃ በጠርሙስ ለክቶ ለቤተሰቡ ወይም ለጎረቤቱ ቢተው ይበጃል፡፡ የምግቡ ቆርቆሮ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቆለፍ ይሻላል፤ ዓሣው የራበው የሚመስለው ደግ ጎረቤት በአንድ ቀን የሳምንቱን ምግብ ሊበትንበት ይችላልና፡፡