ስለ ጊታር ድምፅና ስለ ማጉያው መስማማት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ የሠርግ ግብዣ ላይ ተገኝቼ ነበር። አንድ ወጣት ጊታሩን ይዞ ዜማውን ሲጀምር ከድምፅ ማጉያው የወጣው የተሰነጠቀና ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ሆነ። የድምፁ ሠራተኛ ዝቅ ቢያደርገው ጩኸቱ አነሰ እንጂ ስንጥቁ አልጠፋም። እንግዶቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ ወጣቱም አፍሮ ጊታሩን ወደ ሣጥኑ ሊመልስ ተነሣ። ቀርበን ብንመረምረው ግን ጊታሩ አንዳች ጉድለት አልነበረበትም። ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል እንደሚባለው፤ ጥፋቱ ከመሣሪያው ሳይሆን ከአገባቡ ነበር። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ነው።

አኩስቲክ በሚባለው ባለ ሣጥን ጊታር ውስጥ፤ አውታሮቹ ከሚያርፉበት ድልድይ ሥር፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀጭን ንጣፍ ይቀመጣል። ይህ ንጣፍ በተጫኑትና በተንቀጠቀጠ ቁጥር ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ይህን የተፈጥሮ ጠባይ ፒየር ኩሪና ወንድሙ ዣክ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1880 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ደርሰውበታል። ነገር ግን ከንጣፉ የሚገኘው ኤሌክትሪክ እጅግ ስስ ስለሆነ የሚቀበለው መሣሪያ ኢምፔዳንሱ 1 ሚሊዮን ኦም ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ይፈልጋል። 10 ሺህ ኦም ብቻ ካለው መግቢያ ጋር በቀጥታ ቢያገናኙት ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋና ቀጭኑ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በጊታሩ ጎን ላይ በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ቀዳሚ ማጉያ ይገጠማል። ሥራውም ድምፁን ማጉላት ብቻ ሳይሆን ረጅሙን ገመድ አልፎ ለመሄድ የሚያስችል አቅም መስጠት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የማይክሮፎን ድምፅ በቮልት ሺህኛ እጅ የሚቈጠር ነው። ከቀዳሚው ማጉያ የሚወጣው ግን የቮልት አሥረኛ እጅ ይሆናል፤ አውታሩ በኃይል ሲመታም ከ1 ቮልት ሊያልፍ ይችላል። ሚክሰር በተባለው የድምፅ ማደባለቂያ ላይ ላይን የሚባለው መግቢያ ደግሞ ለቤት መሣሪያዎች 0.3 ቮልት ያህል፤ ለባለሙያ መሣሪያዎች 1.23 ቮልት እንደ መደበኛ ልክ ይቈጠርለታል። እንግዲህ ለሹክሹክታ በተዘጋጀ በር ጩኸት ቢገባበት ምን ይሆናል? በሠርጉ ቤት የሆነው ይኸው ነበር፤ ጊታሩ በማይክሮፎኑ መግቢያ ገብቶ፤ ጌይን የተባለው ቍልፍ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ተገኘ።

ሠራተኛው ተንሸራታቹን ዝቅ ሲያደርግ ስንጥቁ ያልጠፋውም ስለዚህ ነው። በመሥሪያ ቤታችን እንደምናውቀው፤ በመጀመሪያው ጠረጴዛ የተሳሳተ ጽሕፈት በየደረጃው ፊርማና ማኅተም ቢጨመርበት ስሕተቱ አይታረምም። በመጀመሪያው በር የተሰነጠቀ ድምፅም በኋላ ቢቀነስ የተቀነሰ ስንጥቅ ይሆናል እንጂ አይጠራም። በተቃራኒው ጌይኑ ከመጠን በላይ ዝቅ ብሎ በኋላ ከፍ ከተደረገ፤ ከዜማው ጋር የመሣሪያዎቹ ሹሹታም አብሮ ያድጋል።

ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። አስቀድሞ ዋናውን ድምፅ ዘግቶ ገመዱን መሰካት፤ የጊታሩን ድምፅ ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል መክፈት፤ ከዚያም ተጫዋቹ በዝግታ ሳይሆን በሙሉ ኃይሉ እንዲመታ ማድረግ ይገባል። ጌይኑን ቀስ እያሉ ከፍ አድርገው ቀይ መብራቱ ብልጭ ሲል ጥቂት መመለስ ነው። በማይክሮፎን መግቢያ መጠቀም ግድ ከሆነም፤ ብዙ ማደባለቂያዎች በ20 ዴሲቤል የሚቀንስ ቍልፍ አላቸው፤ ይህም ቮልቱን ወደ አሥረኛ እጁ ያወርደዋል።

መድረኩ ከማደባለቂያው የራቀ እንደሆነ ዲአይ ቦክስ የተባለው ትንሽ ሣጥን ያስፈልጋል። እርሱም ድምፁን በሁለት ሽቦ ተቃራኒ አድርጎ ይልከዋል፤ በመንገድ ላይ የገባው ሁካታ ግን በሁለቱም ላይ እኩል ስለሚያርፍ በመድረሻው ተጣፍቶ ይቀራል።

የመጨረሻው ምክር ስለ ባትሪው ነው። የደከመ ባትሪም እንዲሁ ድምፅ ይሰነጥቃል። በብዙ ጊታሮች ላይ ገመዱ እንደ ተሰካ ካደረ ባትሪው ሲፈስ ያድራልና፤ ከጨዋታ በኋላ መንቀል ነው።

በዚያ ምሽት ገመዱ ወደ ላይን መግቢያ ተዛውሮ ጌይኑም በልኩ ሲሆን፤ ወጣቱ ዜማውን እንደገና ጀመረ። ጊታሩ ያው ጊታር፤ እጁም ያው እጅ ነበር፤ እንግዶቹ ግን ፊታቸውን መለሱ። መሣሪያ ለመለወጥና ሰው ለመውቀስ ከመቸኰል በፊት የገባበትን በር መመርመር እንደሚገባ ከዚህ እንረዳለን።