ቤት የሚገዛ ሰው ምን መጠየቅ ይገባዋል

ሰው በዕድሜው ከሚገዛቸው ነገሮች ሁሉ ቤትን የሚያህል ከባድ ነገር የለም። ማሰሮ የገዛ ሰው ማሰሮው ቢያፈስበት በሚመጣው ገበያ ሌላ ይገዛል። ቤት የገዛ ሰው ግን ቢታለል የብዙ ዓመት ድካሙ በአንድ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ቤት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ፥ ቀጥሎም መመርመር፥ በመጨረሻ መክፈል ይገባዋል።

በአዲስ አበባ ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ይህ ሰው ከሚስቱ ጋራ 18 ዓመት በኪራይ ቤት ኖረ። ከዕለት ገቢያቸው ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ እቁብ ይጥሉ ነበር። እቁቡም ሲወጣላቸው ገንዘቡን በባንክ ያስቀምጡ ነበር። እንዲህ አድርገው ለቤት መግዣ የሚሆን ገንዘብ አጠራቀሙ።

አንድ ቀን አንድ ሰው ወደ ልብስ ሰፊው መጥቶ፥ «መልካም ቤት አለኝ፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን ሌላ ገዢ አለና ዛሬ ቀብድ ካልሰጡኝ ነገ አያገኙትም» አለው። ልብስ ሰፊው ሄዶ ቤቱን አየ። ግድግዳው አዲስ ቀለም የተቀባ፥ ጣራውም የማያፈስ ነበረ። ደስ ብሎት ቀብዱን ሊሰጥ ተነሣ።

ሚስቱ ግን ብልህ ሴት ነበረችና፥ «ግድግዳውን አዩ፤ ካርታውንስ አይተዋልን? የሻጩ ሚስት ፈቅዳለችን? ቤቱስ ዕዳ የለበትምን?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም የሚመልሰው ቃል አጣ።

በማግሥቱ ሁለቱ ሻጩን፥ «ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት አምጣልን» አሉት። ሻጩ ዛሬ ነገ እያለ ዘገየ። ኋላ ነገሩ ሲመረመር ቤቱ ለባንክ ብድር መያዣ ሆኖ ተገኘ። ሚስቱም ስለ ሽያጩ ምንም አልሰማችም ነበር።

ሴቲቱ የጠየቀችው ሦስት ጥያቄ እያንዳንዱ ምክንያት አለው።

የመጀመሪያው ስለ ካርታ ነው። በኢትዮጵያ ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኗል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውም ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፥ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እንግዲህ ገዢው የሚገዛው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። ይህንንም የሚያስረዳው ካርታው ነው። በካርታው ላይ የተጻፈው ስምና የሻጩ ስም አንድ መሆኑን ማየት ይገባል። ቦታው በሊዝ የተያዘ እንደ ሆነም ስንት ዓመት እንደ ቀረውና ያልተከፈለ ገንዘብ እንዳለበት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስለ ሚስት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና የሚስት የጋራ የሆነውን ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት እንዲኖር ያዛል። ባል ብቻውን ቢሸጥ ወይም ሚስት ብቻዋን ብትሸጥ፥ ሌላው ወገን ወደ ዳኛ ሄዶ ሽያጩን ሊያፈርስ ይችላል።

ሦስተኛው ስለ ዕዳ ነው። ቤቱ ለብድር መያዣ ሆኖ ተመዝግቦ እንደ ሆነ፥ ባለቤቱ ቢለወጥም የአበዳሪው መብት በቤቱ ላይ ይጸናል። እንዲህ ከሆነ ገዢው ያልበላውን ዕዳ ሊከፍል ነው።

ይህ ሁሉ ከተመረመረ በኋላ ውል መጻፍ ይገባል። አባቶች በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፥ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ፊት እንዲመዘገብ አዘዘ። ውሉ ከተጻፈም በኋላ የቤቱ ስም ወደ ገዢው እስኪዛወር ድረስ ሥራው አልተፈጸመም።

ተበድሮ የሚገዛም ሰው ዐቅሙን ይቍጠር። 100,000 ብር ከመቶ 15 ወለድ የተበደረ ሰው፥ ዋናውን ሳይነካ ለአንድ ዓመት ወለድ ብቻ 15,000 ብር ይከፍላል። ከገቢው ላይ የልጆቹን ምግብና የትምህርት ቤት ወጪ ቀንሶ የሚተርፈውን ሳያውቅ የሚበደር ሰው፥ ቤቱን ለራሱ ሳይሆን ለአበዳሪው ይገዛል።

ልብስ ሰፊውና ሚስቱ ያን ቤት ተዉት። ገንዘባቸው ግን በእጃቸው ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚያ የሚያንስ ሌላ ቤት አገኙ። ግድግዳው ቀለም አልነበረውም፤ ካርታው ግን በሻጩ ስም ነበረ፥ ሚስቲቱም በውሉ ላይ ፈረመች፥ ዕዳም አልተገኘበትም። ቀለሙን ራሳቸው ቀቡት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የፈሰሰ ጤፍ ቢለቀም ግማሹ ይገኛል። በችኮላ የፈሰሰ የቤት ዋጋ ግን በቀላሉ አይለቀምም። ስለዚህ አስተዋይ ሰው ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ጥያቄውን ይቈጥራል።