ባክቴሪያን የሚገድሉ ቫይረሶች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ

ሐኪም ያዘዘልንን አንቲባዮቲክ በአግባቡ ወስደን ሕመሙ አልለቅ ሲለን ብዙዎቻችን «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» እንላለን። አንዳንድ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ከእኛ ሰውነት ዘንድ ሳይሆን ከባክቴሪያው ዘንድ ነው። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለምዶታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት ሕይወታቸው እንዳለፈ ገምቷል። ዛሬ የምናነሳው እነዚህን ባክቴሪያዎች ስለሚያጠቁ ቫይረሶችና በማይክሮስኮፕ ስለሚደረገው ምርመራቸው ነው።

ነገሩን በአንድ በሽተኛ ታሪክ ብንጀምረው ይቀላል። ቶም ፓተርሰን የተባሉ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ2015 መገባደጃ ላይ ከባለቤታቸው ጋር ግብፅን ሲጎበኙ ሉክሶር ከተማ ላይ ታመሙ። መጀመሪያ ወደ ጀርመን ፍራንክፈርት፣ ከዚያም ወደሚኖሩበት ሳንዲያጎ ተወሰዱ። ሆዳቸው ውስጥ ከቋጠረው መግል የተገኘው ባክቴሪያ አሲኔቶባክተር ባውማኒ ይባላል። በሐኪሞቹ እጅ የነበሩትን አንቲባዮቲኮች ሁሉ የለመደ ሆኖ ተገኘ። ባለቤታቸው ስቴፋኒ ስትራትዲ ራሳቸው የወረርሽኝ በሽታዎች ተመራማሪ ናቸውና ጥናቶችን ሲያገላብጡ «ፌጅ» በተባሉ ቫይረሶች ስለሚሰጥ ሕክምና አነበቡ። ሐኪማቸው ዶ/ር ሮበርት ስኩሊ ከአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ አገኙ። ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲና ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የተገኙት ፌጆችም እ.ኤ.አ. በማርች 2016 መጀመሪያ በቱቦ ወደ ሆዳቸው፣ ቀጥሎም በደም ሥራቸው ተሰጡ። ራሳቸውን ስተው የነበሩት ፓተርሰን በቀናት ውስጥ ነቁ። በኦገስት ወርም ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ገቡ።

ቫይረስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ኮሮና ወይም ኤች አይ ቪ ስለሆነ፣ «ቫይረስ በደም ሥር» የሚለው ቃል ያስደነግጥ ይሆናል። ፌጅ ግን የሚራባው በባክቴሪያ ውስጥ ብቻ ነው። በሰው ሴል ላይ የሚይዘው ቦታ የለውም። በባክቴሪያዎችም መካከል ቢሆን ይመርጣል። አንዱ ፌጅ አንድን የባክቴሪያ ዓይነት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ዓይነት ጥቂት ዝርያዎችን ብቻ ያጠቃል። በወንዝ፣ በአፈር፣ በባሕር፣ በፍሳሽ፣ በገዛ አንጀታችን ውስጥ ሳይቀር ይገኛል።

ሳይታይ የተሰጠ መድኃኒት

ፌጅ አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት በ1915፣ በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ፌሊክስ ዴሬል ደግሞ በ1917 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ጽፈውበታል። ዴሬል ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ከያዛቸው ሰዎች የተወሰደ ናሙናን ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አሳለፉት። የተጣራው ፈሳሽ ባክቴሪያ ላይ ሲጨመር ባክቴሪያው ሟሟ። ዴሬል «ባክቴሪያን የሚበላ፣ የማይታይ ቫይረስ አለ» አሉ። የኖቤል ተሸላሚው ዡል ቦርዴ ደግሞ «አይደለም፣ ባክቴሪያው ራሱ የሚያመነጨው ኢንዛይም ነው» ብለው ተከራከሩ። ማንም ዓይቶ መፍረድ አልቻለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በተራው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር ያነሱ ነገሮችን ለይቶ ማየት አይቻልም። ቲ-ፎር የተባለው ታዋቂ ፌጅ ከነጭራው ርዝመቱ 200 ናኖሜትር ገደማ ነው። አምስት ሺህ ያህሉ ተሰልፈው አንድ ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። ክርክሩ የተዘጋው ኧርንስት ሩስካና ማክስ ክኖል እ.ኤ.አ. በ1931 በርሊን ላይ በብርሃን ፋንታ የኤሌክትሮን ጨረር የሚጠቀም ማይክሮስኮፕ ከሠሩ በኋላ ነው። ሐኪም የነበሩት የኧርንስት ወንድም ሄልሙት ሩስካ በ1940 የፌጅን ፎቶግራፍ አሳተሙ። በ1942 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሉሪያና አንደርሰን ያነሷቸው ምስሎች ራስና ጭራ ያለውን አካል በግልጽ አሳዩ።

በእነዚያ ሃያ አምስት ዓመታት ግን ፌጅ ለሕክምና ሲሰጥ ነበር። በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ በጊዮርጊ ኤሊያቫ የተመሠረተውና እስከ ዛሬም በሥራ ላይ ያለው ተቋም ሥራውን የጀመረው በ1923 ነው። በዘመኑ አንዱ ሐኪም «ተአምር ነው» ሲል ሌላው «ምንም አልሠራም» ማለቱ በእኔ እምነት የሚደንቅ አይደለም። በጠርሙሱ ውስጥ የትኛው ፌጅ፣ በምን ያህል ብዛት እንዳለ በዓይኑ ያረጋገጠ አልነበረም። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን በብዛት ሲመረት ምዕራባውያኑ ፌጅን እርግፍ አድርገው ተዉት።

ጥቃቱ ሲታይ

የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አንድ ችግር ነበረበት። ናሙናው አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ስለሚገባ መድረቅ አለበት፤ የደረቀ ነገር ደግሞ ይጨማደዳል። መፍትሔው ናሙናው ያለበትን ስስ ውኃ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ በቀዘቀዘ ኢቴን ውስጥ በቅጽበት መንከር ሆነ። ውኃው የበረዶ ቅንጣት ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ እንደ መስተዋት ይጠጥራል። ፌጁም በጥቃቱ መሐል እንዳለ ይቀራል። ለዚህ ዘዴ ዣክ ዱቦሼ፣ ዮአኪም ፍራንክና ሪቻርድ ሄንደርሰን በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በዚህ መንገድ የታየው የቲ-ፎር ጥቃት እንዲህ ነው። ረጃጅሞቹ የጭራ ክሮች የባክቴሪያውን ቆዳ ይዳስሳሉ፤ የሚፈልጉትን ምልክት ካላገኙ ይላቀቃሉ። ካገኙ አጫጭሮቹ ክሮች አጥብቀው ይይዛሉ። ከጭራው ሥር ያለው ባለ ስድስት ማዕዘን ሰሌዳ ቅርጹን ወደ ኮከብ ይለውጣል። የጭራው ሽፋን ከግማሽ በታች እስኪያጥር ይሰበሰብና ውስጡ ያለው ቱቦ ልክ እንደ መርፌ ባክቴሪያውን ይወጋል። ከራሱ ውስጥ ዘረ-መሉ ወደ ባክቴሪያው ይገባል፤ ቅርፊቱ ውጭ ይቀራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ባክቴሪያው ይፈነዳል፤ ከመቶ በላይ አዳዲስ ፌጆችም ይወጣሉ። አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላ በሰውነት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ግን የሚያጠቃውን ባክቴሪያ እስካገኘ ድረስ ይበዛል።

ባክቴሪያውም ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ የገባበትን ዘረ-መል የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉት። እ.ኤ.አ. በ2017 በሳንዲያጎው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በሚያበራ ቀለምና በቅዝቃዜው ዘዴ ሲመለከቱ፣ አንድ ግዙፍ ፌጅ በባክቴሪያው ውስጥ ለዘረ-መሉ የፕሮቲን ግድግዳ ሲገነባ አገኙት። መቁረጫዎቹ ኢንዛይሞች ግድግዳውን አያልፉም።

ሌላው የባክቴሪያ ማምለጫ ፌጁ የሚይዝበትን ቦታ መለወጥ ነው። በፓተርሰን ላይም ይኸው ደርሷል። ባክቴሪያው የመጀመሪያዎቹን ፌጆች በቀናት ውስጥ ለመዳቸው፤ አዲስ ፌጅ ተፈልጎ ከአንቲባዮቲክ ጋር መስጠት ግድ ሆነ። ደግነቱ ማምለጡ ያስከፍለዋል። የአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 እንዳሳተሙት፣ ከፌጅ ያመለጠው አሲኔቶባክተር የሚሸፍነውን ካባ አውልቆ ተገኝቷል። ካባ የሌለው ባክቴሪያ ደግሞ ለሰውነት መከላከያና ቀድሞ ለማይፈራቸው አንዳንድ አንቲባዮቲኮች ተጋለጠ።

ይህን ሁሉ አይተን ግን ፌጅ ለሁሉም መድኅን ነው ብለን እንዳንቸኩል። በፈረንሳይና በቤልጂየም የተቃጠሉ ሰዎችን ቁስል በፌጅ ለማከም የተደረገው «ፋጎበርን» የተባለ ሙከራ በ2017 ተቋርጧል። የተዘጋጀው መድኃኒት በማቆያው ውስጥ ኃይሉን አጥቶ በሽተኞቹ ያገኙት የፌጅ ብዛት ከታሰበው እጅግ ያነሰ ነበር። ባክቴሪያውንም የቀነሰው ከተለመደው ቅባት ዘግይቶ ነው።

ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶች «ከፍሳሽ የተገኘ ነገር ጠሃራው እንዴት ይሆናል?» ማለታቸው አይቀርም። ፍርዱ የዑለማእ ነው። ከሕክምናው ወገን ማለት የሚቻለው፣ ወደ በሽተኛው የሚገባው ፍሳሹ አለመሆኑን ነው። ፌጁ ከፍሳሹ ተለይቶ በላቦራቶሪ ባደገ ንጹሕ ባክቴሪያ ላይ እንደገና ይራባል፤ ይጣራል፤ የሞቱት ባክቴሪያዎች የተዉት መርዝም ይወገዳል። ለፓተርሰን ይህን የማጥራት ሥራ ካገዙት አንዱ የሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ነበር።

ፌጅ ከሰፈር ፋርማሲ የሚገዛ መድኃኒት አይደለም። ለእያንዳንዱ በሽተኛ ባክቴሪያ ልኩ ተፈልጎ የሚዘጋጅ ነው። በቤታችን የሚመለከተን ግን ከዚያ በፊት የሚደረገው ምርመራ ነው፤ ለፌጅም ሆነ ለአንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው እርሱ ነውና። «ካልቸር» ይባላል። ከሽንት፣ ከመግል ወይም ከደም የተወሰደው ባክቴሪያ በላቦራቶሪ እንዲያድግ ተደርጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይታያል። ውጤቱ ቀናት ይፈጃል። ናሙናው በተቻለ መጠን አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል። ያለ ማዘዣ የተገዛ ጥቂት ፍሬ አሞክሳሲሊን ቀድሞ ከተዋጠ፣ ሕመሙ እያለ ባክቴሪያው በሳህኑ ላይ አልበቅል ሊል ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ቤት ውስጥ የዋጣችሁትን ሳትደብቁ ንገሩት፤ ማሸጊያው ካለም ይዛችሁ ሂዱ።