የመጠጥ ፈቃድ ገደብ፦ የሚወራውና እውነታው

በዋሽንግተን ዲሲ፣ ከኤዳምስ ሞርጋን 18ኛ መንገድ እስከ ዩ ስትሪት፣ ሐበሻ ሬስቶራንትና ባር የከፈተባቸው ሰፈሮች ሌሊቱን የሚደምቁ ናቸው። ነዋሪ በጩኸት ሲማረር ከተማዋ በአንድ ሰፈር አዲስ የመጠጥ ፈቃድ እንዳይሰጥ መገደብ ትችላለች። ስለዚህ ገደብ የሚወራው ብዙ ነው፤ ከሕጉ ጋር የሚገጥመው ግን ጥቂቱ።

የሚባለው፦ ገደብ ከመጣ ቡና ቤቶች ይዘጋሉ።
እውነታው፦ ነባሮቹን አይዘጋም። የሚከለከለው ከአንድ ማዕከል ተነስቶ በ600፣ በ1,200 ወይም በ1,800 ጫማ በሚለካ ክልል ውስጥ አዲስ ፈቃድ መስጠት ነው። ነባሩ ነጋዴ ሥራውን ይቀጥላል፤ የከተማዋ የመጠጥ ፈቃድ ቦርድ ከተስማማም ፈቃዱን ለሌላ ያስተላልፋል። አዲስ ተወዳዳሪ ስለማይገባም በእጁ ያለው ወረቀት ይወደዳል። በመሆኑም ነዋሪ የጠየቀው ገደብ ቀድሞ ለገባው ነጋዴ ሲሳይ ይሆናል።

የሚባለው፦ የሬስቶራንት ፈቃድ ያለው እንደ ባር መሥራት ይችላል።
እውነታው፦ ሬስቶራንት፣ ባርና ናይት ክለብ የተለያየ ፈቃድ አላቸው። ሙሉ የመጠጥ ፈቃድ ያለው ሬስቶራንት በዓመት በሕግ የተወሰነ የምግብ ሽያጭ ማሳየት፣ አለዚያም ከገቢው ቢያንስ 45 በመቶ ከምግብ መሆኑን ማስመስከር አለበት። ቀን ክትፎ፣ ማታ ዲጄ ብቻ የሚያቀርብ ቤት ሒሳቡ ሲመረመር ሊቸገር ይችላል።

የሚባለው፦ ጎረቤት ካልፈለገ ፈቃድ የለም።
እውነታው፦ ጎረቤት መቃወም እንጂ መከልከል አይችልም። ቢያንስ 5 ነዋሪዎች ወይም ባለንብረቶች ተባብረው መቃወም ይችላሉ፤ ገደብ ባለበት ክልል 3 ይበቃሉ። በነዋሪ የተመረጠው የሰፈሩ አማካሪ ኮሚሽንም ድምፅ አለው፤ ቦርዱ የኮሚሽኑን አስተያየት ከበድ አድርጎ እንዲመዝን ሕጉ ያስገድደዋል። ውሳኔው ግን የቦርዱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በስምምነት ያልቃል፦ ሙዚቃው የሚቆምበት ሰዓት፣ የበረንዳው መዝጊያ፣ የቆሻሻው አያያዝ በጽሑፍ ይሰፍራል። ፈቃድ ሲታደስም ስምምነቱ አብሮ ይዘልቃል።

የሚባለው፦ ገደብ አንዴ ከተጣለ አይነሳም።
እውነታው፦ ጊዜው ሲያልቅ ካልታደሰ ይቀራል። የጆርጅታውን ገደብ እ.ኤ.አ. በ1989 ተጀምሮ እየታደሰ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ፤ ሬስቶራንትንም ጭምር ይገድብ ስለነበር አዳዲስ ምግብ ቤቶች ወደ ሌላ ሰፈር ሄዱ። በ2016 ሲነሳ የነዋሪዎቹ ማኅበር ራሱ ተስማምቶ ነበር፤ በቦታው የተተካው ለአዲስ ገቢ ነጋዴዎች የተዘጋጀ ወጥ ስምምነት ነው። የገደብ ጥያቄ ሁሉ አይጸድቅም፤ በ2013 በዩ ስትሪት ዙሪያ 1,800 ጫማ እንዲታገድ የቀረበውን አቤቱታ ቦርዱ ውድቅ አድርጎታል።

የሚባለው፦ ገደብ ነጋዴን ከማስጨነቅ በቀር ፋይዳ የለውም።
እውነታው፦ የአሜሪካ የማኅበረሰብ መከላከያ አገልግሎቶች ግብረ ኃይል ጥናቶችን መርምሮ በ2007 የመጠጥ መሸጫዎችን ጥግግት መቆጣጠርን ደግፏል፤ መሸጫ ሲበዛ ከልክ ያለፈ መጠጣትና ጉዳቱ አብሮ እንደሚጨምር ማስረጃው ያሳያል። ችግሩ ገደብ የሚቆጥረው ፈቃድን እንጂ ሰውን አለመሆኑ ነው። ሦስት መቶ ሰው የሚይዝ ናይት ክለብና ሠላሳ ወንበር ያለው ምግብ ቤት እያንዳንዳቸው አንድ ፈቃድ ናቸው። ከቁጥሩ ይልቅ የጎረቤትን እንቅልፍ የሚነካው፣ እያንዳንዱ ቤት የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሁኔታ ነው።

ቤት ለመከራየት የሚያስብ ነጋዴም የኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት ሁለት ነገር ያጣራ፦ በሰፈሩ ለሚፈልገው ዓይነት ፈቃድ ገደብ መኖሩን፣ ነባር ፈቃድ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ከፈቃዱ ጋር የታሰረውን ስምምነት። እስከ ሌሊት ሊሠራ አቅዶ፣ ሙዚቃ በጊዜ እንዲቆም ቀድሞ የተፈረመበት ፈቃድ ሊገዛ ይችላልና።