መረጃው በአንድ መንገድ፣ ኃይሉ በሌላ

ሳዑዲ ዓረቢያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለገበያ የሚቀርቡ የእጅ ስልኮችና ሌሎች የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የቻርጅ ሶኬታቸው ዩኤስቢ-ሲ እንዲሆን ደንግጋለች። የአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳይ ሕግ በሥራ ላይ ያዋለው ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። የሶኬቱ ቅርጽ በዚህ መልኩ አንድ እየሆነ መጥቷል። በውስጡ የሚያልፈው የኃይል መጠን ግን ዛሬም ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል፤ ብዙ ተጠቃሚ የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ነው። የዓመታት የቤተሰብ ፎቶግራፍ ወይም የአንድ ሱቅ ሒሳብ የተከማቸበት ዲስክ ከላፕቶፕ ጋር ሲገናኝ መብራቱ ይበራል፤ ከውስጡም «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በኮምፒውተሩ ላይ ግን አይታይም። አንዳንዴም ታይቶ፣ ፋይል በመገልበጥ ላይ ሳለ ይጠፋል። ባለቤቱ ተበላሽቷል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ባስ ሲልም ፎርማት አድርጎት ያለውን ሁሉ ያጣል። ድምፁ በእርግጥ የእውነተኛ ብልሽት ምልክት ሊሆን ይችላል። ይሁንና ዲስኩን ያጠረው ኃይል ብቻ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ስለዚህ ከፍርድ በፊት ይህንን መመርመር ይገባል።

በ1996 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው ዩኤስቢ በአንድ ኬብል ውስጥ አራት ሽቦዎችን ይዞ ነበር። ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ፤ አንዱ የ5 ቮልት ኃይል ያደርሳል፤ አራተኛው የጋራ መመለሻ፣ ማለትም ግራውንድ ነው። በደረጃው መሠረት የዩኤስቢ 2.0 ሶኬት ለአንድ መሣሪያ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር፣ የዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 900 ሚሊ አምፔር ነው። ለማውስና ለኪቦርድ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ሞተር ያለው ዲስክ ግን ከቆመበት ተነሥቶ መሽከርከር ሲጀምር ለጥቂት ሰከንዶች እስከ አንድ አምፔር ገደማ ሊፈልግ ይችላል። ኃይሉ ሲያንሰው ሞተሩ ይሞክራል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይሞክራል። ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለችው ትንሽ ኮምፒውተር ለአራቱም የዩኤስቢ ሶኬቶቿ በድምሩ የምትሰጠው 1.2 አምፔር በመሆኑ፣ ሁለት ዲስክ አንድ ላይ ሲሰካባት ይህ ቢደርስ አያስገርምም።

መፍትሔው ኃይሉን ከመረጃው መለየት ነው። የራሱ አዳፕተር ያለው ሀብ በኮምፒውተሩና በዲስኩ መካከል ሲገባ መረጃው ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል፤ ኃይሉ ግን ከግድግዳ ሶኬት ይመጣል። ትልልቆቹ የጠረጴዛ ዲስኮች ከነአዳፕተራቸው የሚሸጡትም ሞተራቸው ዩኤስቢ የማይሰጠውን 12 ቮልት ስለሚፈልግ ነው። ከሁለት ሶኬት ኃይል የሚስበው ባለ ሁለት ራስ ኬብል ብዙ ጊዜ ቢሠራም የዩኤስቢ ደረጃ አይፈቅደውም።

ሽቦ ቆርጠው ራሳቸው መለየት የሚሹ ባለሙያዎች ሁለት ነገር ሊዘነጉ አይገባም። የመረጃው ምልክት የሚለካው ከግራውንዱ አንጻር ስለሆነ የሁለቱ ወገን ግራውንድ መገናኘት አለበት። ሁለቱ የ5 ቮልት ምንጮች ግን በፍጹም መገናኘት የለባቸውም፤ ከተገናኙ የውጪው ኃይል ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሊገባና ሊጎዳው ይችላል። ርካሽ ሀቦችም ይህ ጉድለት አያጣቸውም። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ሀቡ ሲሰካበት መብራት የሚያሳይ ከሆነ ሀቡን መንቀል ይሻላል።

መለየቱ በተቃራኒውም ያገለግላል። በ2011 በላስ ቬጋስ በተካሄደው የዴፍ ኮን ጉባኤ ላይ የቀረበ የቻርጅ ማሽን፣ ኃይል የሚሰጥ ሶኬት መረጃም ሊወስድ እንደሚችል ለታዳሚው አሳይቷል። የአሜሪካው ኤፍ ቢ አይ የዴንቨር ቢሮም በኤፕሪል 2023 በአየር ማረፊያና በሆቴል ያሉ ነጻ የቻርጅ ሶኬቶችን እንዳይጠቀሙ ተጓዦችን መክሯል። የመረጃ ሽቦ የሌለው፣ ኃይል ብቻ የሚያሳልፍ ኬብል ይህን ሥጋት ያስቀራል። ችግሩ ግን መልኩ ከሌላው ኬብል አለመለየቱ ነው። በመሳቢያ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ በሌላ ቀን ለዲስክ ቢሰካ መብራቱ ይበራል እንጂ አንድም ፋይል አይታይም። በመሆኑም ዲስኩን ወደ ጠጋኝ ከመውሰድ በፊት መጀመሪያ ኬብሉን፣ ቀጥሎም ሶኬቱን መቀየር ይበጃል።