ቤት ስንገዛ ግድግዳውን ማን ይመርምርልን?



በጂንካና በአካባቢዋ ቤት የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር አረጋግጦ ይፈርማል፤ ካርታው የሻጩ መሆኑንና ዋጋው መስማማቱን። ቤቱን ራሱን ግን ከደላላ ጋር ዞር ዞር ብሎ አይቶ ይወጣል። ገንዘቡ ደግሞ የዓመታት ቁጠባ ነው፤ አለዚያም ዓረብ አገር ያለች እህት በሰው ቤት ሠርታ የላከችው።

«ለምን ባለሙያ አላሳያችሁም?» ስንል «ሻጩ የመስጂድ ወንድማችን ነው፣ አይዋሸንም» ይሉናል። ሻጩ ላይዋሽ ይችላል። ነገር ግን ግድግዳው ውስጥ ያለውን እርሱም ላያውቀው ይችላል።

ብዙ የቆዩ ቤቶቻችን የእንጨትና የጭቃ ናቸው። በሲሚንቶ ተለስነው ቀለም ሲቀቡ ከብሎኬት ቤት ለመለየት ያስቸግራሉ። ምስጥ ከመሬት ተነስቶ ቋሚውንና ማገሩን ከውስጥ ይበላል፤ ልስኑ ግን እንዳለ ይቆማል። የሚያውቅ ሰው ግድግዳውን አንኳኩቶ ባዶ የሚሰማውን ይለያል፣ የቋሚውን ግርጌ በቢላ ጫፍ ወግቶ ያያል፣ ከመሠረቱ ወደ ላይ የወጣ የምስጥ አፈር ይፈልጋል። በብሎኬት ቤት ደግሞ ስንጥቁን ያያል። ቀጭን የልስን ስንጥቅ ብዙም አያሳስብም፤ ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ እየሰፋ የሚሄድ ግን መሠረቱ መስመጡን ሊያመለክት ይችላል። ጣሪያ ላይ ወጥቶ የቆርቆሮውን ዝገት፣ ኮርኒሱ ላይ የውሃ ምልክት፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ሁኔታም ይመለከታል።

ከቤቱ ቀጥሎ ቦታው ይታያል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ከ360 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል። ጂንካ ከኦሞ ዳርቻ ርቃ ከፍታ ላይ ብትሆንም ዝናብ ሲጥል ውሃው በየት እንደሚወርድ ሳይጠይቁ መግዛት አይገባም። ከተቻለ ቤቱን ዝናብ በዘነበ ማግስት እንየው፤ ጎረቤትንም እንጠይቅ።

ይህ ሁሉ መጠራጠር አይደለም። ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ አግኝቶት እንደሆነ ሲናገር፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ነገሩት፤ ማጭበርበርንም አጥብቀው አወገዙ። እርጥበቱ የታወቀው እጅ በመግባቱ ነው፤ ከላይ ያለው ደረቅ ነበርና። ዝናብ ያበላሸውን ግድግዳ በአዲስ ቀለም ሸፍኖ መሸጥም ከዚህ አይለይም።

ፊቅሃችን ገዢው ያላወቀው ነባር ጉድለት ሲገኝ ውሉን የማፍረስ መብት ይሰጠዋል፤ ይህም ኺያሩል ዐይብ ይባላል። ጉድለቱን አውቆ ወዶ ከገዛ ግን መብቱ ያልፋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በዚህ ይቀራረባል፤ በግልጽ የሚታይን ጉድለት ችላ ብሎ የገዛ ሰው ኋላ ለመጠየቅ ይቸገራል። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበትም ይኸው ሕግ ይደነግጋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በከተማችን «የቤት መርማሪ» የሚባል ሙያ ባይለመድም ሲቪል መሐንዲስ፣ ልምድ ያለው ግንበኛና የኤሌክትሪክ ባለሙያ አሉ። የምንመርጠው ባለሙያ ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣው አይሁን፤ ክፍያውም ቤቱ ቢሸጥም ባይሸጥም አይለወጥ። ያየውን በጽሑፍ ይስጠን። ምርመራው ከቀብድ በፊት ይሁን፤ ቀብድ ከፍለን ከተውነው ቀብዱ ለሻጩ ይቀራልና። ጉድለት ከተገኘ ዋጋው ይቀነሳል፣ ሻጩ ያድሳል ወይም ሌላ ቤት እንፈልጋለን።

ሻጭ የሆንን ደግሞ ባለሙያው ሲመጣ በሩን እንክፈትለት። ጉድለቱን ተናግሮ የሸጠ ሰው ከዓመት በኋላ ሽማግሌ ፊት አይቆምም፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) በረካን ያያያዙት ሻጭና ገዢ እውነቱን ሲነጋገሩ ነው።

ወላሁ አዕለም።